አርባ ሦስቱ ድምፆች

ፌብሩዋሪ 13 ቀን 2021፣ ቅዳሜ ዕለት፣ የአሜሪካ ሴኔት አባላት ስማቸው በተጠራ ቁጥር ከመቀመጫቸው እየተነሡ «ጥፋተኛ» ወይም «ጥፋተኛ አይደለም» አሉ። ውጤቱ 57 ለ43 ሆነ። ጥፋተኛ ለማለት ከተገኙት አባላት ሁለት ሦስተኛው መስማማት አለበት። በዚያ ቀን መቶውም ስለተገኙ 67 ድምፅ ያስፈልግ ነበር። አሥር ጎደለ፤ ደጋፊዎቻቸው የምክር ቤቶቹን ሕንፃ ካፒቶልን እንዲወርሩ አነሣሥተዋል ተብለው የተከሰሱት ዶናልድ ትራምፕ ነፃ ተባሉ።

ይህን ቁጥር ብዙ ሰው ያውቀዋል። እኔን የሚከነክነኝ ግን አራት ቀን ቀድሞ፣ ፌብሩዋሪ 9፣ የተሰጠው ድምፅ ነው። የዚያን ቀን ጥያቄው «ከሥልጣን የወረደን ፕሬዚዳንት ይህ ምክር ቤት መዳኘት ይችላል?» የሚል ነበር። 56 «ይችላል»፣ 44 «አይችልም» አሉ። ሁለቱን የስም ዝርዝሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማንበብ ይጠቅማል። «ይችላል» ካሉት 56 ሰዎች መካከል በመጨረሻው ቀን «ጥፋተኛ አይደለም» ያለ አንድም የለም። «ጥፋተኛ አይደለም» ያሉት 43ቱ ደግሞ ሁሉም ቀድመው «ሥልጣን የለንም» ያሉ ናቸው። ከ44ቱ ተነጥሎ የወጣው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የሰሜን ካሮላይናው ሪፐብሊካን ሪቻርድ በር።

እንግዲህ 43ቱ ድምፆች ምን አሉ? «ሰውየው ያንን አላደረጉም» ነው ያሉት? «አድርገዋል፣ ግን ከባድ ወንጀል አይደለም» ነው? ወይስ «አድርገውም ቢሆን እኛ ልንዳኛቸው አንችልም»? ከድምፁ ብቻ ማወቅ አይቻልም። በዚያ ችሎት ላይ ያለኝ ትልቁ ቅሬታ ይህ ነው፤ ከውጤቱም በላይ ያሳዝነኛል።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ኢምፒችመንት ብለን የምንጠራው፣ ሹምን በምክር ቤት የመክሰስና የመዳኘት ሥርዓት፣ ሁለት ደረጃ አለው። ክሱን የሚያቀርበው የተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ ለዚህ ተራ አብላጫ ድምፅ ይበቃዋል። ክሱን የሚሰማው ሴኔት ነው። ሴኔቱ ጥፋተኛ ካለ ቅጣቱ ከሁለት ነገር አያልፍም፦ መሻር እና ዳግም ለሹመት እንዳይበቁ መከልከል። እስርም የገንዘብ መቀጮም የለበትም። ጥፋተኛ የተባለ ሹም ወዲያው ይሻራል፤ የወደፊቱ ክልከላ ግን ከጥፋተኝነት ውሳኔ በኋላ ለብቻው የሚሰጥ ድምፅ ነው፣ በልማዱም ተራ አብላጫ ይበቃዋል። እስከዛሬ ይህ ክልከላ የተጣለባቸው ሦስት የፌዴራል ዳኞች ብቻ ናቸው፦ ዌስት ሀምፍሪስ በ1862፣ ሮበርት አርችባልድ በ1913፣ ቶማስ ፖርቴየስ በ2010።

የ2021ዱ ክርክር ሁሉ የተንጠለጠለው በዚህ ሁለተኛ ቅጣት ላይ ነው። ትራምፕ ወርደዋል፤ ሊሻሩ አይችሉም። የቀረው ቁም ነገር ተመልሰው እንዳይመጡ መከልከል ይቻላል ወይ የሚለው ነበር።

አሁን የቀን መቁጠሪያውን እንመልከት። ካፒቶል የተወረረው ጃንዋሪ 6 ነው። የተወካዮች ምክር ቤት ጃንዋሪ 13 «ለዐመፅ ማነሣሣት» በሚል አንድ አንቀጽ ክሱን በ232 ለ197 አጸደቀ፤ አሥር ሪፐብሊካኖች ከዴሞክራቶች ጋር ቆሙ። ያኔ ትራምፕ ገና ፕሬዚዳንት ናቸው፤ ሰባት ቀን ቀርቷቸዋል። ሴኔቱ ግን እስከ ጃንዋሪ 19 በእረፍት ላይ ነበር። የዴሞክራቶቹ መሪ ቸክ ሹመር፣ ሁለቱ የፓርቲ መሪዎች ከተስማሙ በአስቸኳይ ጊዜ ምክር ቤቱን መጥራት የሚችሉበት ከ2004 ጀምሮ የነበረ ሥልጣን እንዳለ አስታውሰው ጥሪ አቀረቡ። የወቅቱ የአብላጫው መሪ ሚች ማኮኔል አልተቀበሉም። የሰጡት ምክንያት ከዚያ በፊት የተካሄዱት ሦስት የፕሬዚዳንት ችሎቶች 83፣ 37 እና 21 ቀናት መፍጀታቸው ነው። በሰባት ቀን ፍትሐዊ ችሎት ጨርሶ ውሳኔ መስጠት አይቻልም አሉ።

ዴሞክራቶቹም ክሱን ጃንዋሪ 19 አልወሰዱትም። ጆ ባይደን ጃንዋሪ 20 ቃለ መሐላ ፈጸሙ፤ የጆርጂያ ሁለት አዳዲስ ሴናተሮችም በዚያው ቀን ገብተው ሴኔቱ 50 ለ50 ሆነ፣ በምክትል ፕሬዚዳንቷ ድምፅ አብላጫው ወደ ዴሞክራቶች ዞረ። ክሱ ሴኔት የደረሰው ጃንዋሪ 25 ማታ ነው። በሴኔቱ የክስ ሥነ ሥርዓት ችሎቱ ወዲያው መከተል ነበረበት፤ ሁለቱ መሪዎች ግን ለፌብሩዋሪ 9 ቀጠሩት። አንዱ ወገን ለመከላከያ ጠበቆቹ ዝግጅት ጊዜ ፈለገ፣ ሌላው የባይደንን ሚኒስትሮች ለማጽደቅ። ችሎቱ ራሱ የፈጀው አምስት ቀን ነው።

ስለዚህ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው ተረት እዚህ ጋር በቀላሉ አይገጥምም። ክሱ የጸደቀው ጅቡ ግቢ ውስጥ ሳለ ነው። የዘገየው ሰሚው ነው። የማኮኔል የጊዜ መከራከሪያ ብቻውን ሲታይ ሚዛን የሚደፋ ነው፤ ተከሳሽ መልስ የሚያዘጋጅበት ጊዜ ያስፈልገዋል። ግን አንድ ሰው «አሁን ጊዜው አጭር ነው» ብሎ ቀጠሮ ካራዘመ በኋላ «አሁን ደግሞ ጊዜው አልፏል» ብሎ መዝገቡን መዝጋት አይገባውም። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ነበረበት።

ወደ ሕጉ ክርክር ስንገባ ሁለቱም ወገን የያዘው ጽሑፍ ያው ነው። የመከላከያ ጠበቆቹ የሕገ መንግሥቱን ሁለተኛ አንቀጽ አራተኛ ክፍል ይጠቅሳሉ፦ ፕሬዚዳንቱ፣ ምክትላቸውና የሲቪል ሹማምንት በክህደት፣ በጉቦ ወይም በሌላ ከባድ ወንጀል ተከሰው ጥፋተኛ ሲባሉ ከሥልጣን ይነሣሉ ይላል። «ፕሬዚዳንቱ» የሚለው በወንበሩ ላይ ያለውን ነው፤ የግል ዜጋን ማንሣት አይቻልም፤ ማንሣት ካልተቻለ ሌላው ቅጣት ብቻውን አይቆምም ይላሉ። የሴኔቱ ሰብሳቢ ዳኛ ማን እንደነበረም እንደ ማስረጃ ቆጠሩት። ፕሬዚዳንት ሲዳኝ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዋና ዳኛ ይሰበስባል ይላል ሕጉ፤ በ2021 ግን ጆን ሮበርትስ አልመጡም፣ የሰበሰቡት የቬርሞንቱ ዴሞክራት ፓትሪክ ሊሂ ናቸው፤ እርሳቸውም ሰብሳቢም ድምፅ ሰጪም ሆኑ። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለዓይን የማያምር ነበር፣ አልክደውም።

ከሳሾቹ ደግሞ አንደኛው አንቀጽ ሴኔቱ «ሁሉንም» ክሶች የመስማት ብቸኛ ሥልጣን እንዳለው ይናገራል አሉ። «ሁሉንም» ማለት ሁሉንም ነው፤ ይህ ክስ የጸደቀው ሰውየው በሥልጣን ላይ ሳሉ ነው። ሁለቱ ቅጣቶች የተቀመጡትም የቅጣቱን ጣሪያ ለመወሰን እንጂ አንዱ ካልተቻለ ሌላው ይቅር ለማለት አይደለም። የከሳሾቹ መሪ ጄሚ ራስኪን ያነሡት ጥያቄ ይበልጥ የሚያሳስብ ነው፦ ሥልጣን በለቀቁ ማግስት ተጠያቂነት የሚያበቃ ከሆነ፣ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ሁሉም ነገር ይፈቀዳል ማለት ነው፤ የሥልጣን ርክክብ አደጋ ላይ የሚወድቀው ደግሞ በዚያው ጊዜ ነው። በእኛ አገር «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይባላል። መሻር የሒሳብ መዝጊያ ከሆነ ያ ተረት ሕግ ሆነ ማለት ነው።

ታሪክም በሁለቱም በኩል ተጠርቷል። አሜሪካኖቹ ይህን ሥርዓት ከእንግሊዝ ሲወርሱ ዋረን ሄስቲንግስ የተባለው የሕንድ ገዥ ሥልጣኑን ከለቀቀ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1787፣ በፓርላማ ተከሶ ነበር። በዚያው ዓመት በፊላዴልፊያ ሕገ መንግሥቱ ሲረቀቅ ጆርጅ ሜሰን የሄስቲንግስን ጉዳይ በስሙ ጠቅሶታል። የቨርጂኒያና የዴላዌር የ1776 ሕገ መንግሥቶች ገዥው የሚከሰሰው ከሥልጣን ሲወርድ እንደሆነ በግልጽ ጽፈው ነበር። ጆን ኩዊንሲ አዳምስ ከፕሬዚዳንትነት ወርደው የተወካዮች ምክር ቤት አባል ሳሉ፣ በሕይወት እስካሉ ድረስ በሹመት ዘመናቸው ለሠሩት ሁሉ በዚህ መንገድ ሊከሰሱ እንደሚችሉ ተናግረዋል።

በሌላው በኩል የሴናተር ዊልያም ብላውንት ጉዳይ አለ። ሴኔቱ በ1797 ከአባልነት አባረረው፤ ክሱን ግን በጃንዋሪ 1799 በ14 ለ11 ዘጋው። ችግሩ ውሳኔው ምክንያቱን ለይቶ አለመናገሩ ነው፤ ሴናተር «የሲቪል ሹም» ስላልሆነ ነው ወይስ ከወንበሩ ስለተነሣ? ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ ሁለቱም ወገን ለራሱ ሲጠቅሰው ኖሯል።

ከሁሉም የሚበልጠው የዊልያም ቤልክናፕ ጉዳይ ነው። የጦር ሚኒስትር ነበር። በፎርት ሲል ከነበረ የንግድ ጣቢያ ጋር በተያያዘ ጉቦ ተቀብሏል ተባለ። ማርች 2 ቀን 1876 ጠዋት ለፕሬዚዳንት ግራንት መልቀቂያውን አስገባ፤ የተወካዮች ምክር ቤት በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ከሰሰው። ሴኔቱ ረጅም ክርክር አድርጎ በ37 ለ29 «መልቀቁ ሥልጣናችንን አያስቀርም» አለ። በኦገስት ግን ጥፋተኛ ለማለት ከተሰጡት ድምፆች ከፍተኛው 37 ለ25 ስለነበር ሁለት ሦስተኛ አልሞላም። «ጥፋተኛ አይደለም» ካሉት 25ቱ ውስጥ 22ቱ ምክንያታቸው የሥልጣን ጥያቄው ነበር።

ልብ በሉ፤ በ2021 የሆነው በ1876 የሆነው ነው። በተራ አብላጫ የተዘጋ ጥያቄ በመጨረሻው ቀን ሁለት ሦስተኛ በሚጠይቅ ድምፅ ውስጥ ተደብቆ ይመለሳል። ከአንድ ሦስተኛ በላይ ድምፅ ያለው ወገን በአብላጫ የተሸነፈበትን መቃወሚያ በኋላ ያሸንፍበታል።

ፍርድ ቤት የሚመላለስ ኢትዮጵያዊ ይህን ቶሎ ይረዳዋል። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ቁጥር 244 የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ የሚባል ነገር አለ፤ «ፍርድ ቤቱ ይህን ጉዳይ የማየት ሥልጣን የለውም» ማለት ከነዚህ አንዱ ነው። መቃወሚያው ቀድሞ ይሰማል፣ ብይን ይሰጥበታል፤ ውድቅ ከሆነ ወደ ፍሬ ነገሩ ይገባል። በፍሬ ነገሩ ላይ ሲፈረድ ጥያቄው «አደረገ ወይስ አላደረገም» እንጂ «ሥልጣን አለን ወይስ የለንም» አይሆንም። ቅር የተሰኘ ወገን ይግባኝ ይላል። በሴኔት ደግሞ ይግባኝ የለም፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1993 በዳኛ ዋልተር ኒክሰን ጉዳይ ሴኔቱ ክስ የሚሰማበትን ሥርዓት ፍርድ ቤቶች እንደማይመረምሩት ወስኗል። ስለዚህ ፌብሩዋሪ 9 የተሰጠው የ56 ለ44 ብይን የመጨረሻው ብይን ነበር።

ሴናተር ሪቻርድ በር የተረዱት ይህንን ነው። ጃንዋሪ 26 ሪፐብሊካኑ ሴናተር ራንድ ፖል ያቀረቡት «ሥልጣን የለንም» የሚል መቃወሚያ በ55 ለ45 ውድቅ ሲደረግ ከተቃዋሚዎቹ ጋር ነበሩ፤ ፌብሩዋሪ 9ም እንዲሁ። በመጨረሻው ቀን ግን ሴኔቱ ሥልጣን አለው ብሎ ስለወሰነ ያንን ተቀብለው ማስረጃውን መዝነዋል፣ «ጥፋተኛ» ብለዋል። ፓርቲያቸው በግዛታቸው ወቀሳ አስተላለፈባቸው። የሉዊዚያናው ቢል ካሲዲም ተመሳሳይ ወቀሳ ደርሶባቸዋል፤ እርሳቸው በጃንዋሪ ከፖል ጋር ድምፅ ሰጥተው ፌብሩዋሪ 9 የሁለቱን ወገን ክርክር ሰምተው ሐሳባቸውን የቀየሩ ናቸው። ሚት ሮምኒ፣ ሱዛን ኮሊንስ፣ ሊሳ መርካውስኪ፣ ቤን ሳስ እና ፓት ቱሚ ሲጨመሩ ሰባት ሪፐብሊካኖች ይሆናሉ።

የ43ቱን መልስ ማቃለል አልፈልግም። ሴናተር ሕገ መንግሥቱን ለማክበር ይምላል። ሕገ መንግሥቱ አይፈቅድልኝም ብሎ ከልቡ የሚያምን ሰው በአብላጫ ስለተሸነፈ ብቻ እጁን አንሥቶ ሰው ይቅጣ ማለት ከባድ ነው። ግን ለእንዲህ ያለው ሰው ሌላ በር ክፍት ነበር። የሚያስፈልገው ሁለት ሦስተኛ ከመቶው አይደለም፣ ከተገኙት ነው። 15 ሴናተሮች «ይህ የእኛ ሥራ አይደለም» ብለው ከአዳራሹ ቢወጡ የሚቀሩት 85 ናቸው፤ የ85 ሁለት ሦስተኛ ከ57 በታች ነው፤ እነዚያው 57 ድምፆች ይበቁ ነበር። መዳኘት አይገባኝም የሚል ሰው ከመዳኘት ይቀራል። «ጥፋተኛ አይደለም» ብሎ ነፃ ማውጣት ግን ራሱ መዳኘት ነው። አንድም የቀረ አልነበረም። ማኮኔል ራሳቸው ድምፃቸውን ከሰጡ በኋላ በአዳራሹ ቆመው ትራምፕ ለዚያ ቀን ጥቃት በተግባርም በሞራልም ተጠያቂ ናቸው አሉ፤ የወንጀል ፍርድ ቤቶች አሉልን፣ መንገዱ በዚያ ነው ሲሉም አከሉ።

ጥፋቱ የአንድ ወገን ብቻ አይደለም። የተወካዮች ምክር ቤት በአንድ ሳምንት ውስጥ ምስክር ሳይሰማ ከሰሰ። የጊዜው ጥበት ያስገድድ ነበር፤ ነገር ግን ከጃንዋሪ 13 እስከ ፌብሩዋሪ 9 ባሉት አራት ሳምንታት ውስጥ ምስክሮችን በቃለ መሐላ መስማት ይቻል ነበር፣ አልሆነም። ክሱም በ«ማነሣሣት» ላይ ብቻ ታሰረ። ጃንዋሪ 2 ትራምፕ ድምፅ እንዲያፈላልጉላቸው ለጆርጂያው የምርጫ ኃላፊ ያደረጉት የስልክ ጥሪ በክሱ ውስጥ ተጠቅሷል፤ ራሱን የቻለ አንቀጽ ግን አልሆነም። በዚህ ምክንያት ክርክሩ ወደ ንግግር ነፃነት ተሳበ፤ ጠበቆቹም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1969 ያስቀመጠውን የማነሣሣት መለኪያ እያነሡ ተከራከሩ። በመጨረሻው ቀን ጠዋት ሴኔቱ በ55 ለ45 ምስክር ይጠራ አለ፤ ሁሉም ሰው ችሎቱ ይረዝማል ሲል ሰዓታት ሳይቆዩ ሁለቱ ወገኖች ተስማምተው የአንዲት ሪፐብሊካን ተወካይ፣ የጄሚ ኼሬራ ቦይትለር፣ የጽሑፍ መግለጫ ብቻ ከመዝገቡ ጋር ተያያዘ። ያገኙትን ድምፅ ሳይጠቀሙበት ቀሩ። ይህ እስከዛሬ አይገባኝም።

በዋሽንግተንና በአካባቢው የሚኖር የአማርኛ ተናጋሪ ለዚህ ጉዳይ ቅርብ ነው። ራስኪን የሚወክሉት የሜሪላንድ ስምንተኛ ምርጫ ክልል ብዙ ኢትዮጵያዊ የሚኖርበትን ሲልቨር ስፕሪንግን ይጨምራል። ከተማዋ ራሷ ግን፣ ካፒቶል የቆመባት፣ ወደ 690 ሺሕ ሰው የሚኖርባት፣ ሴናተር የላትም። በዚያ ቀን ከተሰጡት መቶ ድምፆች አንዱም በነዋሪዎቿ ስም አልተሰጠም። ከእርሷ ያነሰ ሕዝብ ያላቸው ቬርሞንትና ዋዮሚንግ እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ድምፅ ነበራቸው።

ማኮኔል ያመለከቱት መንገድ ምን ሆነ? የትራምፕ ጠበቃ ብሩስ ካስተር ፌብሩዋሪ 9 በዚያው ክርክር፣ ወንጀል አለ የሚል ካለ ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ በተራው ፍርድ ቤት መክሰስ ይቻላል ብለው ነበር። ልዩ ዐቃቤ ሕግ ጃክ ስሚዝ ኦገስት 1 ቀን 2023 ትራምፕን የምርጫውን ውጤት ለመቀልበስ ሞክረዋል በሚል በአራት ክሶች ሲከሱ የትራምፕ ጠበቆች፣ ፕሬዚዳንት ሊከሰስ የሚችለው መጀመሪያ በሴኔት ጥፋተኛ ሲባል ብቻ ነው ብለው ተከራከሩ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን አልተቀበለም፤ ግን ጁላይ 1 ቀን 2024 በ6 ለ3 ለፕሬዚዳንቶች ሰፊ ያለመከሰስ ከለላ ሰጠ። በዐመፅ የተሳተፈን ሹም ዳግም ከሹመት በሚያግደው የሕገ መንግሥቱ 14ኛ ማሻሻያ ሦስተኛ ክፍል ትራምፕ ከምርጫ እንዲታገዱ ኮሎራዶ የወሰነችውንም ማርች 4 ቀን 2024 ዘጠኙም ዳኞች ሻሩት፤ ግዛቶች የፌዴራል ዕጩን በዚህ ሊከለክሉ አይችሉም ተባለ። ትራምፕ በኖቬምበር ተመረጡ፣ ክሱም ኖቬምበር 25 ተነሣ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ይሻሻል ቢባል የምመኘው አንድ ትንሽ ነገር ነው፦ ሴኔቱ ጥፋተኛ ነው ወይስ አይደለም ከማለቱ በፊት «በክሱ የተዘረዘረው ነገር ተፈጽሟል?» በሚለው ላይ ለብቻው ድምፅ ይስጥ። ቅጣት አያስከትልም፤ ግን እያንዳንዱ ሴናተር ስለ ድርጊቱ ያመነውን በስሙ ያስመዘግባል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ1999 በቢል ክሊንተን ችሎት ኮሊንስን ጨምሮ ጥቂት ሪፐብሊካን ሴናተሮች ከፍርዱ በፊት የፍሬ ነገር ግኝት እንዲጸድቅ ሐሳብ አቅርበው ነበር። ያኔ የተቃወሙት ዴሞክራቶች ናቸው፤ ሁለት ሦስተኛውን በጓሮ በር ማለፍ ነው አሉ፣ ሐሳቡም ድጋፍ አጥቶ ቀረ። በ2021 ለድምፅ አልቀረበም።